ማሚቴ ዝም ያለችበት ሐሙስ

ማሚቴ ስለ ልጇ ማውራት ስትጀምር ቤይሩት፣ መዝረዓ ጎዳና ላይ መኪና ይቆማል። መዝረዓ ላይ መኪና መቼስ ሁልጊዜም የቆመ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሾፌሮቹ ጥሩምባ መንፋታቸውንም ይተዋሉ። ጸጉር ቤቷ ሁለት ወንበርና አንድ መታጠቢያ ይዞ ሞልቷል፤ ሦስተኛ ደንበኛ ከመጣች አንዷ እግሯን ወደ በረንዳው አውጥታ መቀመጥ አለባት። ወሬው ግን ከዚያች ጠባብ ክፍል ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ቆጵሮስ ደርሶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

“የኔ ቀፀላ” ትላለች፣ ሲሽዋሩን፣ ያን ጸጉር ማድረቂያ፣ እንደ ማይክሮፎን ጨብጣ፣ “ትምህርት አይደለም የምትማረው፤ ትምህርቱን ነው የምትውጠው! መምህሯ መጽሐፉን ሳትከፍት እሷ አንብባ ዘግታዋለች።”

“ባለፈው ፈረንሳይኛው ከበዳት አላልሽም?” ትላታለች እሙሽ ከመታጠቢያው ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ። እሙሽ ከሰው ቤት ወጥታ በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳ ናት፤ ከደንበኛም በላይ የማሚቴ የልብ ጓደኛ ናት።

“እሷ ናት ፈረንሳይኛውን የከበደችው! አርፈሽ ታጠቢ።”

ማሚቴን የሚያውቅ ሰው የምታወራውን ግማሹን ቀንሶ፣ ከቀረውም ላይ ጨለፍ አድርጎ ነው የሚያምናት። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ስለዚህ አስቀድማ እጥፍ አድርጋ ታወራለች፤ ሂሳቡ ይካካሳል።

ቀፀላ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የእናቷን ምላስ እግዜር ሲያከፋፍል እሷ በሌላ ሰልፍ ላይ ነበረች። ሰው ሲጠይቃት በትከሻዋ ትመልሳለች፤ ጸጉሯን እንደ መጋረጃ ፊቷ ላይ ጥላ ትቀመጣለች። እናትና ልጅ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር በሚጋሩት ክፍል ውስጥ ማሚቴ ስትገባ ልጅቷ ብዙውን ጊዜ ደብተሯን አጥፋ ተኝታለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ማሚቴ ልጇ ስትማር በዓይኗ አይታ አታውቅም። በጩኸት የምታወራው አንዳንዴ ለራሷም እንዲሰማት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ባዳሮ ነው፤ አንድ ስኒ ቡና እንደ ወርቅ ተመዝኖ ከሚሸጥባቸው ካፌዎች ጀርባ፣ ምድር ቤት ውስጥ። የእናታቸው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ የተቃጠለባቸው፣ ወረቀት ተጠይቀው ከሌላ ትምህርት ቤት በር የተመለሱ ልጆች ከሰዓት በኋላ እዚያ ይማራሉ። ያቋቋመችው ፊርደውስ ናት፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ እሷ ቤይሩት ተወልዳ ሒሳብ በዩኒቨርሲቲ የተማረች። ሒሳቡንም የምታስተምረው ራሷ ናት።

በዚያ የጸደይ ወር ፊርደውስ እናቶቹን ሰብስባ ታላቅ ወሬ ነገረቻቸው። ፋናር፣ ተራራው ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ከባዳሮ ልጆች አንድ ክፍል ሙሉ ሊቀበል ነው። ላቦራቶሪ አለው፤ ግቢው ውስጥ የጥድ ዛፍ አለ፤ ሲጨርሱ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በእውነት የምስክር ወረቀት ነው።

“ግን” አለች ፊርደውስ።

“‘ግን’ ባይኖር ሊባኖስ አይሆንም” አለች እሙሽ።

“ግን ፈርተዋል። ‘እነዚህ ልጆች ሁለት ወር ተቀምጠው ይጠፋሉ’ ይላሉ። ስለዚህ ሚስ ያራ የምትባል ልጅ ልከዋል። ሥራዋ ይሄ ነው፤ የጎረምሶችና የኮረዶች ልብ ትምህርታቸው ላይ ምን ያህል እንዳለ መለካት።”

“በምንድን ነው የምትለካው? በቴርሞሜትር?” አለች ማሚቴ።

“በወረቀት ነው፣ እትዬ ማሚቴ። ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ ከጎኑ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አለ። አንድ ማለት በፍጹም፣ አምስት ማለት ሁልጊዜ። ልጆቹ ይሞላሉ፣ እናንተም ስለ ልጆቻችሁ ትሞላላችሁ። እውነቱን ብቻ ሙሉ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም።”

ማሚቴ ራሷን ነቀነቀች። ሐሳቧ ግን ባዳሮ አልነበረም። ቀፀላ በሚቀጥለው ዓመት ዐሥራ አምስት ይሞላታል። “ቁመቷ ደርሷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላኪልኝ፣ ከበረንዳው ትጀምር” ያሉ ማዳሞች ካሁኑ ነበሩ። ልጅቷ ወይ ፋናር ትወጣለች ወይ ባልዲ ታነሳለች፤ መሃል ላይ ሌላ መንገድ የለም። እንዲህ ያለው ነገር ለእውነት ብቻ የሚተው አይደለም።

እሑድ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እናቶቹም ልጆቹም ጸጉር ቤቱ ውስጥ ታጨቁ። ሁለት ወንበር ባለው ቤት ሕዝበ እስራኤል ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ግማሾቹ ደረጃው ላይ፣ አንዱ ልጅ መታጠቢያው ውስጥ ተቀመጡ። ማሚቴ ሲሽዋሯን አነሳች።

“መክተብ ውስጥ፣ ያኔ ከአውሮፕላን ወርደን ኤጀንሲው ግድግዳ ሥር ሲደረድሩን፣ የመጀመሪያው ትምህርት ምን ነበር?”

“ሓዲር ማዳም!” አሉ እናቶቹ በአንድ አፍ።

“ልብስ ትተኩሻለሽ?”

“ሓዲር ማዳም!”

“ምግብ ትችያለሽ?”

“ሓዲር ማዳም!”

“ማን ‘አይ’ ብሎ ተቀጥሮ ያውቃል? ማንም! ያኒ፣ ማዳም ወረቀት ይዛ ስትጠይቅ መልሱ አንድ ነው። ትልቁ ቁጥር። አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ እስከ ታች።”

“እኔ እኮ” አለች እሙሽ፣ “ዐረብኛ ሳልለምድ ማዳሜ ‘ሌባ ነሽ እንዴ?’ ብትለኝም ‘ሓዲር ማዳም’ ብያታለሁ።”

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ መስታወቱ ላይ የነበረው ማበጠሪያ ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ሳቅ ውስጥ ግን ምክር ፈልቅቆ ያወጣ አንድም ሰው አልተገኘም።

“ማማ” አለች ቀፀላ ከጥግ፣ “ሁሉም ጥያቄ አንድ ዓይነት ባይሆንስ? መጥፎ መጥፎውንም ቢጠይቁስ?”

“አንቺ ደግሞ ጠበቃ ሆንሽ! ማዳም ከጠየቀች አምስት ነው። ኸላስ!”

ቀፀላ በትከሻዋ መለሰች።

በሳምንቱ ፊርደውስ ወደ ጸጉር ቤቱ ስትገባ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ቦንጁርም ሰላምም አላለችም።

“‘ክፍል ውስጥ በትኩረት እከታተላለሁ’፤ አምስት” አለች ቆማ። “‘ትምህርት ያሰለቸኛል’፤ አምስት። ‘የቤት ሥራዬን ሳልጨርስ አልተኛም’፤ አምስት። ‘የቤት ሥራ ሠርቼ አላውቅም’፤ አምስት።”

“ሙሉ ነጥብ!” አለች ማሚቴ፤ ግን ድምጿ መሃል መንገድ ላይ ነዳጅ ጨረሰ።

“ወረቀቱ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የሚሠራው፣ እትዬ። ጥሩውንና መጥፎውን ይቀላቅሉታል፤ ሳያነብ የሚያከብበው እንዲለይ። የእናቶቹም አምስት፣ የልጆቹም አምስት! ሚስ ያራ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‘ከዚህ ምንም መለካት አልችልም’ ነው ያለችኝ። ሁሉም ወረቀት ወደቀ። ማነው እንዲህ ያስጠናቸው?”

ማሚቴ ጥፋቱን ለወረቀቱ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ቀፀላ በር ላይ ቆማ አየቻት፤ የደብተር ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ።

“ነግሬሽ ነበር” አለች ቀፀላ። ይህንኑ ብቻ ብላ ወጣች።

“አንድ ዕድል ለምኜ አግኝቻለሁ” አለች ፊርደውስ ቀዝቀዝ ብላ። “ሐሙስ ሚስ ያራ ራሷ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፤ በዓይኗ አይታ ትለካለች። ያንን ይዛ ፋናር ትወጣለች፣ አለቀ። አንቺ ግን፣ እትዬ ማሚቴ፣ እንዳትመጪብኝ።”

“ገብርኤልን! ክፍሉን አልረግጥም!”

ማሚቴ ቃሏን ጠበቀች፤ ክፍሉን አልረገጠችም። በሩ ላይ ግን መስታወት ነበረ።

ሐሙስ ዕለት፣ ባንክ ሲዘጋ ያልተዘጋው፣ መብራት ሲጠፋ ያልጠፋው የማሚቴ ጸጉር ቤት ተዘጋ። ባለቤቱ ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ተጣብቃ ባዳሮ ወረደች፤ በደረጃው በእግር ጣቷ ሄደች፤ አፍንጫዋንም መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

ክፍሉ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ሰዓት ይዛ ተቀምጣለች። ሚስ ያራ ይህች ናት። አንዱን ልጅ ለአፍታ ታይና ምልክት ታደርጋለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትዞራለች። ፊርደውስ ሰሌዳው ላይ ጽፋለች፦ የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የውኃ ታንከር አለ። የውኃው ሞተር ሲሠራ ባዶውን ታንከር በሦስት ሰዓት የመሙላት አቅም አለው። ነዋሪዎቹ ደግሞ ሙሉውን በአራት ሰዓት ይጨርሱታል። መብራቱ ለአንድ ሰዓት ይመጣል፣ ለአንድ ሰዓት ይሄዳል፤ ሞተሩም ከመብራቱ ጋር ይነሳል፣ ከመብራቱ ጋር ይቆማል። ባዶው ታንከር በስንት ሰዓት ይሞላል?

“በአሥራ ሁለት!” ብሎ ጮኸ አቤ፣ የእሙሽ ልጅ።

“እንዴት?” አለች ፊርደውስ፤ ልክ ነህም አላለች፣ ተሳስተሃልም አላለች።

በዚህ ጊዜ ልጆቹ መስታወቱን አዩ። መስታወቱ ውስጥ የማሚቴ ፊት እንደ ጨረቃ ወጥቷል። “ቀና በሉ!” ይላል አንዱ እጇ፤ “አውጡ! እጅ አውጡ!” ይላል ሌላው። ክፍሉ በአንዴ እንደ ክብር ዘብ ቀጥ አለ። ፊርደውስ በጠየቀች ቁጥር የእጅ ደን ይበቅላል። “ማነው ያልገባው?” ስትል ሁሉም እጃቸውን አወጡ። “ማነው ወደ ሽንት ቤት የሄደው?” ስትልም አወጡ።

አንዲት ልጅ ብቻ እጅ አላወጣችም። ቀፀላ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታለች፤ ጸጉሯ ወርዶ ወረቀቱን ሸፍኖታል። አንዳንዴ ቀና ትልና ሰሌዳውን ሳይሆን ጣሪያው ላይ የሚያልፈውን የውኃ ቧንቧ ታያለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትደፋለች። ማሚቴ መስታወቱን በጥፍሯ ቆረቆረች። ምንም። ቀለበቷን አውልቃ ኳኳች። ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ፤ ልጇ አልዞረችም። ሚስ ያራ ቀፀላን አየቻት፤ ምልክት አደረገች። ተራው ሲደርስ እንደገና አየቻት፤ እንደገና ምልክት አደረገች።

ማሚቴ ቀለበቷን መልሳ አጠለቀች። ተቀይማኛለች አለች በልቧ። በኔ ተናዳ ፋናርን በራሷ ላይ ዘጋችው። ካገር ስትወጣ ያልራደች፣ ከአሠሪዋ ቤት በመስኮት ወርዳ ስታመልጥ ያልራደች ሴት፣ እዚያ ምድር ቤት ራደች።

“ያላ፣ ሰዓታችን አልቋል!” አለች ፊርደውስ።

በሩ ተበረገደ፤ ማሚቴ ከበሩና ከግድግዳው መሃል እንደ ማኑሼ ቂጣ ተጠቀለለች። ቦርሳው፣ ጩኸቱ፣ ግፊያው በአጠገቧ አልፎ ወደ ደረጃው ጎረፈ። ከተጠቀለለችበት ስትወጣ መብራቱ ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ፣ ከመንገድ በኩል ካለችው ትንሽ መስኮት በሚገባው ጭላንጭል፣ ቀፀላ እንደተደፋች ናት። ሰዓቱ ማለቁን አልሰማችም። መብራቱ መሄዱንም የሰማች አትመስልም።

ማሚቴ ገባች። ቃሏም ፈረሰ፣ ገብርኤልም ይቅር ይበላት።

“ቀፀላ! ተነሺ! ሚስን ፓርዶን በያት፣ አመመኝ በያት፣ ራሴን ነው በያት፣ ያ...”

ቀፀላ ቀና ሳትል አንድ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች።

“ማማ፣ አንዴ ዝም በይ።”

ማሚቴን ዝም ለማሰኘት ብዙ ሰው ሞክሯል። ማዳሞች ሞክረዋል፤ ኮሚሳርያት ውስጥ ባለ ሦስት ኮከብ መኮንን ጠረጴዛ እየደበደበ ሞክሯል፤ ቄሱ በቅዳሴ መሃል ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል። ከሁሉም አንዱም አልሆነለትም። የዚያን ቀን ግን ያቺ ቀጭን ጣት ስትነሳ ምላሷ እንደተቀረቀረ ማርሽ ቆመ። ስልኳን አወጣች፤ መብራቱን አበራች፤ ከልጇ ራስ በላይ ይዛ ቆመች።

ያን ጊዜ አየቻት። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል። ግንባሯ ተቋጥሯል። ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ የሰረዘችውን በንዴት ደግማ ትሰርዛለች። ወረቀቱ ላይ ታንከር ሥላለች፤ ከታች ቧንቧ፣ ከጎን አምፖል፣ አምፖሉ ላይ ትልቅ ኤክስ። ማሚቴ እኮ በጸጉሩ ሥር ያለውን ራስ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ራስ ግን አይታ አታውቅም። ከአናቷ ላይ እንፋሎት ሲነሳ ያየች መሰላት። ክንዷ ዛለ፤ አላወረደችውም።

“አይሞላም” አለች ቀፀላ በመጨረሻ።

“ሹ? ምን አልሽ?” አለች ሚስ ያራ ከጥጉ። እሷም አልተነሳችም ነበር።

ቀፀላ አሁን ነው ሰው እንዳለ ያወቀችው። ፊቷ ቀላ፤ ግን መናገሯን አላቆመችም። በዐረብኛ ቀጠለች። “መቼም አይሞላም። ሞተሩ በአንድ ሰዓት ሲሶውን ይሞላል፤ በዚያው ሰዓት ሰዎቹ ሩቡን ይወስዳሉ። የሚቀረው ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ ነው። ከዚያ መብራት ይሄዳል። ያቺን የቀረችውን በሃያ ደቂቃ ይጨርሷታል። እንደገና ከባዶ።”

“ታዲያ ጥያቄው ስሕተት ነው?”

“ጥያቄው አይደለም። መብራቱ ነው” አለች ቀፀላ። ሚስ ያራ ልትስቅ ስትል ልጅቷ ተመልሳ ወረቀቷ ላይ ወደቀች። “ቆይ፣ መብራቱ ባይሄድ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ አቤ ያለው። ሁለት ሰዓት መጥቶ አንድ ሰዓት ቢሄድስ? ሌሊት ደግሞ ሰው ይተኛል፤ ማንም ውኃ አይከፍትም። እሱንም ማስገባት አለብኝ...”

“ይሄማ የኛ ሕንፃ ነው!” አለች ማሚቴ፤ ከዚህ በላይ መቻል የመላእክት እንጂ የሰው አይደለም። “ሁሌ ሳሙና ተቀብቼ የምቀረው ለካ...”

“ማማ!”

“ኸላስ፣ ኸላስ።”

በዚህ ጊዜ ከደረጃው በኩል ጩኸት ተሰማ። ሚስ ያራ ተነስታ በሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ልጆቹ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ጨለማው ደረጃ ላይ ተደርድረው፣ ስልክ አብርተው፣ አቤን መሃል አስገብተው አፋጠውታል።

“አሥራ ሁለት ነው አልኳችሁ!”

“መብራቱን ረሳኸው፣ አንተ ባልዲ!”

“እናንተ ሕንፃ መብራት አይሄድም እንዴ? ማዳም ሆንክብን?”

“ቆይ፣ እስኪ ወረቀቱን ስጠኝ! ስጠኝ አልኩ!”

ሚስ ያራ ብዙ ቆማ አዳመጠች። ሰዓቷን አላየችም። ከዚያ ዞር ብላ፣ “ማዳም ማሚቴ” አለች።

ማሚቴ የትኛዋ ማዳም መጣች ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም የለም። ማዳሟ እሷ ነበረች። በዚያች ቅጽበት ቁመቷ በአንድ ክንድ እንደጨመረ ያዩ ይመሰክራሉ።

“መስታወቱ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቼሻለሁ” አለች ሚስ ያራ። “አንቺ ያስወጣሻቸውን እጆች አልቆጠርኩም። ልጅሽ ግን ባየኋት ቁጥር ጥያቄው ላይ ነበረች፤ አንዴም አልተነሳችም። የቀሩት ደግሞ ይኸው፣ ‘ሂዱ’ ተብለው አልሄዱም። ለትምህርት ቤቱ የምጽፈው ይህንን ነው።”

“ስንት ሰጠሻቸው? አምስት?”

“ከናንተ ሰፈር የመጣ አምስት አይታመንም” አለች ሚስ ያራ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት። “አራት ተኩል በይው።”

ፊርደውስ ሰሌዳው ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ጠመኔውን ደጋግማ ትጠርጋለች እንጂ ማንንም አታይም፤ ዓይኗን የሚያይ ሰው አልፈለገችም።

መልሱ ከፋናር በሁለተኛው ሳምንት መጣ። መጸው ላይ ክፍሉ ሙሉ ወደ ተራራው ይወጣል፤ አቤም፣ “አንተ ባልዲ” ያሉትም፣ ሁሉም። ያን ቀን ጸጉር ቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ደንበኛ አይደለም አሥረኛም ነበረች። ማሚቴ ሲሽዋሯን አነሳች። ከዚያ፣ በጸጉር ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መልሳ አስቀመጠችው፤ ነገሩንም እንደሆነው አወራችው። አንድ ሰዓት ሞተር፣ አንድ ሰዓት ጨለማ፤ ታንከሩ፣ ደረጃው፣ “ማዳም ማሚቴ”፤ ምንም አልጨመረችም፣ መጨመሪያ ቦታ አጥታ።

ሴቶቹ ሰሙ። ታንከሩን አመኑ። ደረጃውን አመኑ፤ እሙሽ ከልጇ ከአቤ ሰምታ ነበርና። “ማዳም”ንም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ደስ ብሏቸው አመኑ።

“አንድ ነገር ብቻ” አለች እሙሽ፣ ከነአረፋዋ ከመታጠቢያው ቀና ብላ። “ልጅቱ ዝም በይ አለችሽ። እሺ። አንቺ ደግሞ ዝም አልሽ?”

“ዝም አልኩ።”

“አንቺ? ማሚቴ? መልሱን እስክታገኝ?”

“ዝም አልኩ አልኩሽ እኮ! ስልክ ይዤ፣ እንደ ሐውልት!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይህንንማ ማን ይመን! ግማሹን ቢቀንሱት፣ ግማሹንም ደግመው ቢቀንሱት፣ የሚታመን ነገር አልቀረውም። አንዷ እንባዋን በፎጣ ጠረገች፤ አንዷ “ውይ ሆዴን!” አለች። ማሚቴ በሕይወቷ አንዴ እውነቱን ብቻ ተናግራ፣ እውነቷ መሃል ሜዳ ላይ ሲሳቅባት ቆማ አየች።

“ቀፀላ!” ብላ ጮኸች ወደ ጥጉ። “ንገሪያቸው! እናትሽ ዝም አላለችም?”

ቀፀላ ፎጣ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ከፋናር ተልኮ የመጣውን የፊዚክስ መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። ጸጉሯ ፊቷን ሸፍኖታል። ቀና አላለችም። አንድ ጣቷን ብቻ ወደ ላይ አነሳች።

ማሚቴ ከቃሏ መሃል ላይ ቆመች። እሙሽ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሳቁ ሁሉ ከሥሩ ተቆረጠ፤ ከመታጠቢያው የሚንጠባጠበው ውኃ ተሰማ፤ ውጭ መዝረዓ ላይ እንኳ ጥሩምባ የሚነፋ ጠፋ። ቀፀላ ገጹን ገለጠች።

ማሚቴ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አገጯን ወደ ልጇ ቀስራ፣ ቅንድቧን ሰቅላ፣ ምንም ሳትናገር።